የስኳር በሽታ የሀብታም በሽታ ነውን?

ስለ ስኳር በሽታ ጨዋታ በተነሣ ጊዜ ከብዙ ሰዎች አፍ ፈጥኖ የሚወጣ አንድ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «እርሱ የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩ ሰዎች ክፉ አስበው አይደለም። ሥጋና ቅቤ የማይቋረጥበት፥ ከመኪናው ወርዶ መቶ እርምጃ የማይራመድ፥ ቦርጩ የገፋ ሰው በዚህ ደዌ ሲያዝ በዓይናቸው ስላዩ ነው። ያዩት ነገርም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ግማሽ እውነት በሙሉ እውነት ቦታ ሲቀመጥ ከሐሰት ይልቅ ሊጎዳ ይችላልና፥ አንባቢዎቻችን ይህን አነጋገር ከአፋቸውም ከአሳባቸውም እንዲያወጡት እንለምናለን። ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድመን የራሳችንን ስሕተት እንናገር። በውጭ አገር የጤና ትምህርት በተማርንበት ዘመን በየሐኪም ቤቱ ያየናቸው የስኳር ሕመምተኞች አብዛኛዎቹ ዕድሜያቸው የገፋና ውፍረት የበዛባቸው ነበሩ። የበሽታው መልክ በአእምሯችን የተቀረጸው በዚያ ዓይነት ነው። ወደ አገራችን ተመልሰን በአንድ የወረዳ ከተማ ሥራ በጀመርንበት በመጀመሪያው ዓመት አንዲት እናት የ13 ዓመት ልጅዋን ይዛ መጣች። ልጁ ከስቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ «ድካም ድካም ይለኛል፥ ሆዴንም ያመኛል» ይላል። ጊዜው ወባ የሚበዛበት የጥቅምት ወር ነበርና የደሙን ምርመራ እንኳ ሳንጠብቅ የወባ መድኃኒት ሰጥተን አሰናበትነው። ስኳር የሚለው ቃል ከቶ በአሳባችን አልመጣም፤ የድኻ ልጅ፥ ያውም የከሳ ልጅ ነበርና።

በማግሥቱ ጧት የልጁ አስተማሪ ልጁን ደግፎ ይዞት መጣ። «ዶክተር፥ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለን፤ «ነገር ግን ይህ ልጅ ከሦስት ሳምንት ወዲህ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለሽንት ይወጣል። በወጣ ቁጥርም ከቧንቧው ሥር አጎንብሶ ውሃ ሲጠጣ ይቆያል። እኔም ትምህርት የጠላ መስሎኝ ቀጥቼዋለሁ። ትናንት ግን ለመስቀል የተገዛለት ሱሪ ከወገቡ ሲወርድ አይቼ ደነገጥሁ።» ወዲያው ከጣቱ ጥቂት ደም ወስደን መረመርን። መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቅቶት ስኳሩ ከልክ በላይ መሆኑን ብቻ አመለከተ። የልጁም ትንፋሽ ከልክ በላይ እንደ በሰለ ፍሬ ይሸት ነበር። ውሃ በደም ሥሩ ሰጥተን፥ ኢንሱሊን ወግተን፥ ወደ ትልቅ ሆስፒታል አደረስነው፤ ልጁም ተረፈ። አንድ ቀን ቢዘገይ ኖሮ ምን ይሆን እንደ ነበር ስናስብ ዛሬም ሰውነታችን ይርዳል። ያተረፈው ከባሕር ማዶ ያመጣነው ወረቀት ሳይሆን የአስተማሪው ዓይን ነው።

ለመሆኑ የስኳር በሽታ ምንድር ነው? የምንበላው እንጀራም ሆነ ዳቦ፥ ድንችም ሆነ ገንፎ በሆዳችን ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ተለውጦ ከደም ጋር ይቀላቀላል። ይህ ስኳር ለሰውነት እንደ ማገዶ ነው። ነገር ግን ማገዶው ከደጅ ወደ ምድጃው ይገባ ዘንድ በሩን የሚከፍት ቁልፍ ያስፈልገዋል። ቁልፉም ከጨጓራ በስተ ኋላ የሚገኘው ቆሽት የሚያመነጨው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሲያንስ፥ ወይም እያለ ሥራውን መሥራት ሲያቅተው፥ ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ከመጠን ሲያልፍም በሽንት ይወጣል። የሚወጣውም ውሃን አስከትሎ ስለ ሆነ ሕመምተኛው ሽንት ይበዛበታል፤ ጥም ይጸናበታል፤ እየበላም ይከሳል። በደጁ የማገዶ ክምር እያለው እቤቱ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ማለት ይህ ነው።

ሐኪሞች የበሽታውን ዓይነቶች በቁጥር ይለዩአቸዋል። 1ኛው ዓይነት የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ቆሽቱን ሲያጠቃና ኢንሱሊን ሲያልቅ የሚመጣ ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረውም በልጅነትና በወጣትነት ነው። 2ኛው ዓይነት ከዘር፥ ከሆድ ውፍረትና እንቅስቃሴ ከማነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ በአመዛኙ በጎልማሶች ላይ ይታያል። በዓለም ካሉት ሕመምተኞች ከ10ሩ 9ኙ በዚህ በ2ኛው ዓይነት የተያዙ ናቸው። «የሀብታም በሽታ» የሚለው ስም የተወለደው ከዚሁ ነው።

ይሁን እንጂ የአገራችን ነገር በዚህ ብቻ አያበቃም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከጐንደር የተገኘ አንድ ጥናት ዲያቤቶሎጂያ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሞ ነበር። ጥናቱ እንዳሳየው ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው የስኳር በሽታ በገጠር በብዛት የሚገኘው በቀጫጭንና በድኻ ወንዶች ላይ ነው። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ በካሜሩን፥ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ በወጣትነታቸው የታመሙና የ1ኛው ዓይነት ሕመምተኞች ይባሉ የነበሩ 894 ሰዎች ተመርምረው፥ 65 ከመቶ በሚሆኑት ደም ውስጥ የዚያ የመከላከያ ኃይል ጥቃት ምልክት አልተገኘም። እንግዲህ የእነዚህ ሰዎች ኢንሱሊን ያነሰው በሌላ ምክንያት ነው ማለት ነው።

ከምክንያቶቹ አንዱ ረሃብ ሊሆን እንደሚችል ሊቃውንት ከጠረጠሩ ቆይተዋል። ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘው የስኳር በሽታ በ1955 ዓ.ም. በጃማይካ ተገልጾ ነበር። የዓለም የጤና ድርጅትም በ1985 ዓ.ም. በበሽታዎች አመዳደብ ውስጥ ስፍራ ሰጠው፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ማስረጃው አልበቃም ተብሎ ከመደቡ ወጣ። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በባንኮክ በተደረገው ጉባኤ «5ኛው ዓይነት» የሚል ስም እስኪሰጠው ድረስ፥ የድኻው የስኳር በሽታ ሃያ ስድስት ዓመት ያህል ስም ሳይኖረው ሰውን ሲጎዳ ኖረ። የሆላንድም ታሪክ ከዚህ ጋር ይስማማል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በ1944ና በ1945 ዓ.ም. መካከል በዚያ አገር ብርቱ ረሃብ ሆኖ ነበር። በዚያ ጊዜ በእናታቸው ማኅፀን የነበሩት ልጆች ካደጉ በኋላ ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን የመቆጣጠር ኃይሉ ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ከአገራችን ወደ እስራኤል የሄዱትም ወገኖቻችን ሌላ ምስክር ናቸው። እዚያ በደረሱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታ በወጣቶቻቸው ላይ ሳይቀር በብዛት መታየቱን በ1988 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ገልጧል። ከዚያ ወዲህ የተደረገውም ምርምር ከሌላው የአገሩ ሕዝብ ይልቅ ባነሰ የሰውነት ክብደት በበሽታው እንደሚያዙ አመልክቷል። እንግዲህ በማጣት ያደገ ሰውነት ድንገት ወደ ጥጋብ ሲገባ ብዙ ውፍረት ሳይጠብቅ ሊታመም ይችላል ማለት ነው። ከገጠር ወደ ከተማ የሚፈልሰው ወጣታችንም ያንኑ መንገድ በአጭሩ እየተጓዘ ነውና ይህ ነገር ሊያሳስበን ይገባል።

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በ1990 ዓ.ም. 200 ሚሊዮን የነበረው የስኳር ሕመምተኞች ቁጥር በ2022 ዓ.ም. 830 ሚሊዮን ደርሷል፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ቁጥሩ በፍጥነት ያደገውም በሀብታሞቹ አገሮች ሳይሆን ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ነው። «የሀብታም በሽታ» የምንለው ደዌ እነሆ በድኻው ደጅ ሠፍሯል።

አንዳንድ ሰው «ስሙ ምን ያደርጋል?» ይለን ይሆናል። ስሙ የሚያደርገውን በሥራችን ላይ በየቀኑ እናያለን። በመጀመሪያ፥ የድኻ ቤተ ሰብ ልጁ ሲከሳበት ወባ፥ ተስቦ፥ ምች ወይም የሰው ዓይን ይላል እንጂ ስኳር አይልም፤ እኛ ራሳችን አላልንምና። ልጁ 1ኛው ዓይነት ይዞት እንደ ሆነ ደግሞ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ራሱን ስቶ ሊሞት ይችላል። ሁለተኛ፥ ስሙ ሕመምተኛውን ከመታመሙ ሌላ ያሳፍረዋል፤ ጎረቤቱ «ምን በልቶ ነው?» እያለ ይሥቅበታልና። ሦስተኛ፥ ሀብታሙ ራሱ ስሙን እንደ ማዕረግ ይዞ ከመጠንቀቅ ይዘናጋል።

ስለ ኀፍረቱ አንድ ነገር እንጨምር። ከሕመምተኞቻችን አንዲት አዲስ ሙሽራ በቀን ሁለት ጊዜ መርፌ መወጋት ነበረባት። መድኃኒቱን በሽሮ ዕቃ ውስጥ ከአማቷ ትሸሽግ ነበር። «መርፌው አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ተደብቄ የምወጋበት ጥግ ማግኘት ነው» አለችን። እንግዳ ባለበት ቀን ሳትወጋ ትውላለች፤ እንግዳ ደግሞ በዚያ ቤት አይጠፋም። በሁለት ዓመት ውስጥ ዓይኗ መድከም ጀመረ። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ፤ ይህች ሴት ግን መድኃኒቱ በእጇ እያለ የምትጠቀምበት ነጻነት አጣች። ባልዋ ነገሩን ከሰማ በኋላ መርፌውን በሰዓቱ የሚያስታውሳት እርሱ ሆነ። ምስጢሩን በመጀመሪያ ቀን ብትነግረው ኖሮ ምንኛ በተሻለ ነበር!

በስኳር የሚጎዳው ዓይን ብቻ አይደለም። ለዓመታት ልጓም ያጣ ስኳር ኩላሊትን፥ ልብንና የደም ሥሮችን፥ ነርቮችንም ያበላሻል። እግሩ የደነዘዘ ሰው በፍም ዳር ተቀምጦ ሲሞቅ ቆዳው እየተቃጠለ አይሰማውም፤ በጫማው ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቢያቆስለውም አያውቅም። ቁስሉም አመርቅዞ እግር እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የማይቀር ዕጣ አይደለም። በአሜሪካና በካናዳ በ1ኛው ዓይነት የታመሙ 1,441 ሰዎች ለዓመታት ሲጠኑ ቆይተው በ1993 ዓ.ም. ውጤቱ በተገለጸ ጊዜ፥ ስኳራቸውን ከጤነኛ ሰው መጠን ባቀረቡት ላይ የዓይን ጉዳት 76 ከመቶ፥ የነርቭ ጉዳት 60 ከመቶ፥ የኩላሊት ጉዳት 50 ከመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድ፥ ስኳርን መለካት፥ ማታ ማታ እግርን አጥቦ መመልከት፥ ዓይንን በዓመት አንድ ጊዜ ማስመርመር ብርሃንንና እግርን ያተርፋል።

ስለ ኢንሱሊንም ሕዝቡ የሚያወራው ብዙ ነው። «አንዴ ከጀመሩት ሱስ ይሆናል»፥ «የመጨረሻው ነው፤ ከዚያ በኋላ ሞት ነው» ይባላል። እውነቱ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንሱሊን በ1921 ዓ.ም. በካናዳ በቶሮንቶ ከተማ ከመገኘቱ በፊት በ1ኛው ዓይነት የታመመ ልጅ ከሞት የሚያመልጥበት መንገድ አልነበረውም። ሐኪሞችም በጥብቅ የምግብ ቅነሳ ዕድሜውን ጥቂት ከማራዘም በቀር ሊረዱት አይችሉም ነበር። በጥር ወር 1922 ዓ.ም. ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋና ሌላ 13 ዓመት ኖረ። ዛሬማ መድኃኒቱን በወጉ ያገኘ ሰው አርጅቶ የልጅ ልጅ ያያል። ሰው ለውሃና ለእህል ሱሰኛ እንደማይባል ሁሉ፥ ሰውነቱ ያጣውን ኢንሱሊን የሚተካ ሰውም ሱሰኛ ሊባል አይገባም።

«በቤታችን ማቀዝቀዣ የለም፤ መድኃኒቱ ይበላሻል» እያሉ የሚያቆሙም አሉ። በኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ሠፈር ያለውን ሙቀት መሠረት አድርጎ የተሠራና በ2021 ዓ.ም. የታተመ ምርመራ፥ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚለዋወጥ ሙቀት ውስጥ ለአራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልለቀቀ አረጋግጧል። ስለዚህ ያልተከፈተው ብልቃጥ በጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ይቀመጥ፤ የተከፈተው ግን በቤት ውስጥ በጥላ ስፍራ፥ ዙሪያው በረጠበ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ቢቀመጥ ለወሩ ያገለግላል። በፀሐይና በእሳት አጠገብ መተው ወይም እንደ በረዶ እንዲረጋ ማድረግ ግን ፈጽሞ አይገባም።

እንግዲህ በተለይ አስተማሪዎችን የምንለምነው እነዚህን አራት ነገሮች ነው።

1ኛ/ ውሃ የሚያበዛ፥ ለሽንት የሚመላለስ፥ የሚከሳና የሚደክም ተማሪ ስታዩ ከመቅጣታችሁ በፊት ጠይቁት። አልጋ ማርጠብ ትቶ የነበረ ልጅ እንደገና ከጀመረም ለወላጆቹ ንገሩ። በዚያኑ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድና «ስኳሩ ይለካ» ተብሎ ይነገር። የጣት ደም ምርመራ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም።

2ኛ/ በሽታው የታወቀ ተማሪ ካላችሁ ውሃ እንዲጠጣ፥ እንዲወጣ፥ በሰዓቱም እንዲበላ ፍቀዱለት። መርፌውን የሚወጋበት ንጹሕና የተከለለ ስፍራ ስጡት።

3ኛ/ መርፌ የሚወጋ ልጅ ቢንቀጠቀጥ፥ ቢያልበው፥ ንግግሩ ቢዛባ፥ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዷል ማለት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙት፤ ሲሻለውም ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። ለስኳር ሕመምተኛ ስኳር መስጠት የሚያስገርም ቢመስልም ነፍስ የሚያድነው እርሱ ነው፤ በአስተማሪዎችም ክፍል ጥቂት ስኳር አይታጣ።

4ኛ/ ጾም በገባ ጊዜ ሕመምተኛው በራሱ ፈቃድ ምግቡንም መድኃኒቱንም አይተው፤ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር ይማከር። ጸበል ቢሄድም መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ይህን ስንል ሆዱ የገፋውን የከተማ ሰው ነጻ ማውጣታችን አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ የታተመ ጥናት ስኳራቸው ከፍ ማለት የጀመረ 3,234 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲራመዱና ከክብደታቸው 7 ከመቶ እንዲቀንሱ የተመከሩት በ2ኛው ዓይነት የመያዛቸው ዕድል 58 ከመቶ ቀንሷል። ይህም በቀን ሃያ ደቂቃ ያህል መራመድ ማለት ነው። ከሻይ ላይ ስኳር መቀነስ፥ ለስላሳ መጠጥን ለበዓል ብቻ ማድረግ፥ ከእንጀራው አሳንሶ ከሽሮውና ከጎመኑ ማብዛት ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

ደግሞም ወቀሳውን ሁሉ በሕዝቡ ላይ አንጥልም። ገበሬው ወደ ጤና ጣቢያ መጥቶ መለኪያው አልቋል ቢባል፥ ወይም ኢንሱሊን ለመግዛት በሬውን የሚሸጥ ከሆነ፥ ምክራችን ባዶ ቃል ነው። የስኳር መለኪያ እስከ ገጠር ጤና ጣቢያ መድረሱን፥ ኢንሱሊንም ሳይቋረጥና ድኻው በሚችለው ዋጋ መገኘቱን መከታተል የእኛ የጤና ሠራተኞች ግዴታ ነው። ሕዝቡም በዚህ ቢጠይቀን መብቱ ነው።

ያ ልጅ ዛሬ ትምህርቱን ጨርሶ በዚያው በወረዳው ከተማ ይሠራል። በየወሩ መድኃኒቱን ሊወስድ ሲመጣ ሰላምታ ይሰጠናል፤ እኛም በእርሱ ፊት ያን የመጀመሪያውን ቀን እናስታውሳለን። አስተማሪው እንደ እኛ «ይህ በሽታ የሀብታም ነው» ብሎ ቢቀመጥ ኖሮ የዚያ ልጅ ወንበር በማግሥቱ ባዶ ይሆን ነበር። ስለዚህ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ የስኳር በሽታን ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ብቻ እንጥራው፤ የማን ነው ብለን ከመጠየቃችን በፊትም ደሙ ይመርመር።